ጭቃ ይዤ ጎማ ቤት

ልጄ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። ከቤታችን እስከ ወረታ ሐኪም ቤት ያለው መንገድ ደግሞ በክረምት የሚያጣብቅ ዋልካ ጭቃ ነው። ስለዚህ ለመኪናዬ ጎማ ልገዛ ስሄድ ከደጄ እርጥብ ጭቃ በፌስታል ይዤ ገባሁ። በየጎማው ጥርስ መካከል ስጠቀጥቀው ሻጩ ደነገጠ።

«አባባ፣ ጎማ ሊገዙ ነው ወይስ ቤት ሊመርጉ?»

«ዝም ብለህ አንከባልለው!»

የሚያብረቀርቁት ሁሉ ጭቃውን እንደያዙ ቀሩ። ጥርሱ ሰፋፊ የሆነው ብቻ አራግፎ ጣለው።

«እሱ እኮ አስፋልት ላይ ይጮሃል።»

«ይጩህ! ልጄ ጭቃ መሃል ከምትጮህ!»

ምጧ የመጣው ዝናብ ሲወርድ ባደረበት ማለዳ ነው። ጎረቤቶቼ እንደ ልማዳቸው መኪናችንን ሊያስጎትቱ በሬ ጠምደው መንገዱ ላይ ካለው ረግረግ ዳር ቆመዋል። ሳላቆም አለፍኋቸውና በመስኮት፣ «በሬዎቹን ፍቱ!» አልኋቸው።

ልጄ በምጧ መሃል ሳቀች።