ኩቴክስ የተቀባው ብሎን

የመበየጃ ሊድ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ የጥድ ሙጫ ይሸታል። ትንሽ ደስ ይላል፣ ትንሽ ጉሮሮ ይከረክራል። ቅድም የስልክህን ቻርጀር መሰኪያ ስበይድልህ አፍንጫህን ይዘህ ወደ መስኮቱ ሸሸህ፤ እዚያ ስትቆም ነው መደርደሪያው ላይ ያለውን ሬዲዮ ያየኸው። ቁልፉን አዞርከው፣ ጭጭ አለብህ። «የሰው ዕቃ እየሠራህ የራስህ ሬዲዮ ሞቶ ተቀምጧል እንዴ?» ብለህ ሳቅክብኝ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ብዬ አለፍኩህ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ስልክህ ቻርጅ እስኪይዝ ሻይህን ጠጣና ልንገርህ።

ያኔ ካዛንቺስ ነበርን። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ብዙ አባወራ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ቤት። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፣ እህቴ አግብታ ወጥታለች፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ነን። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕረፍቱን ገና ሳያጣጥማት ደም ግፊት ጣለው፣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰሞን ነው። እንግዲህ ዲግሪዬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ አባቴን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ማዛወር ሥራዬ ሆነ። ማጠቡም ማልበሱም የኔ ነበር።

ከመስኮታችን ፊት ለፊት ፎቅ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ ላይ የጠዋት ፀሐይ አባቴ አልጋ ድረስ ትገባ ነበር። ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር እየዘገየች መጣች፣ በመጨረሻ ጭራሽ ቀረች። ቀኑን ሙሉ አምፖል እናበራለን፤ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የታክሲ ረዳቶች «ለገሃር! ለገሃር!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማኛል፤ በሩ ሲዘጋ፣ መኪናው ሲነሳ ይሰማኛል። አገር ምድሩ የሆነ ቦታ ይሄዳል። እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ እንኳ እግሬ ወደ ቤት አልሄድ ይለኝ ነበር። አባቴን እወደው ነበር፣ ታፍኜም ነበር። ሁለቱ አብረው አይኖሩም ያለህ ሰው ካለ በሽተኛ አስታሞ አያውቅም።

መተንፈሻዬ የተበላሸ ዕቃ ነበር። የአባቴ ወንበር አጠገብ ጠረጴዛ አስጠግቼ፣ አንድ የሶኬት ዲቫይደር፣ አንድ መበየጃ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቴስተር ደርድሬ የግቢውን ሰው ዕቃ እከፍታለሁ። ያኔ የያዝኩት አቋም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስልክህ ውሃ ውስጥ ከገባ ሩዝ ውስጥ አትቅበረው፤ ሩዝ ለመበላት ነው፣ ስልክ አጥፍተህ፣ ከፍተህ ነው የምታደርቀው። ርካሽ ቻርጀር የገዛ ሰው ስልኩ ሲነድ አያልቅስ። በሙጫ የተዘጋ ዕቃ ደግሞ የሠራው ሰው «ሲበላሽ ጣለው» ብሎሃል ማለት ነው። ብሎን ያለው ዕቃ ግን ተስፋ አለው፣ ተመልሶ ይከፈታል። ይህን ስናገር አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ «የኔን ብሎን የሚፈታ ባገኘህልኝ» ይል ነበር፤ እስቃለሁ፣ ከዚያ ይከፋኛል።

ያ የምታየው ሬዲዮ የሱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ጡረታ ሲወጣ የሰጡት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። ቴሌቪዥን አይወድም ነበር። «ቴሌቪዥን ሰውን ሙሉ ለሙሉ ያስረዋል፣ ሬዲዮ ጆሮ ብቻ ይዞ ሌላውን ይለቅልሃል» ይላል። ከተኛ በኋላማ ሬዲዮው እግሩ ሆነ። ጠዋት በዜና ይነሳል፣ ከሰዓት በኳስ ይጨቃጨቃል። ሬዲዮው ዝም ያለ ቀን አባቴም ዝም ይላል፣ ፊቱን ወደ ፎቁ አዙሮ ይውላል።

አንድ ቀን ሬዲዮው ከአልጋ ወደቀና ዝም አለ። ከፈትኩት፤ ከስፒከሩ ጋር የተበየደች ቀይ ሽቦ ተነቅላለች። አባቴ አንገቱን አስግጎ እያየኝ በየድኳት፣ ዘጋሁት። ከዚያ ጥገና ቤቶች እንደሚያደርጉት ብሎኑ አናት ላይ ኩቴክስ ነጠብ አደረግኩበት፤ እህቴ ስታገባ ጥላው የሄደችው ቀይ ብልቃጥ ነበር። ሌላ ሰው ዕቃውን ከነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ታውቃለህ። አባቴ «ጥፍሩን ተቀባ፣ ሊዳር ነው» ብሎ በሬዲዮው አላገጠበት።

በዚያው ሰሞን ሐዋሳ ያለ ጓደኛዬ ደወለ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኖቹን የሚያዙትን ኮምፒዩተሮች የሚጠግን ሰው ይፈለጋል፣ ከፋሲካ በኋላ ሥራ ይጀመራል። «አንተን ነው የጠቆምኩት፣ እንዳታሳፍረኝ በቃ» አለኝ። ለአባቴ ስነግረው ወዲያው «ሂድ» አለ። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ መጥታ ልትይዘው ተስማማች። ያ ሳምንት የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት እንኳ ጣፈጠኝ፤ ከንግዲህ አንዱ መኪና የኔ ነው።

ሬዲዮው መበላሸት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ገበያ ሄጄ ስመለስ ዝም ብሏል። ስከፍተው ያችው ቀይ ሽቦ ተነቅላለች። በየድኳት፣ ብሎኑንም መልሼ ቀባሁት። ከቀናት በኋላ መድኃኒት ቤት ደርሼ ስመለስ እንደገና። ሽቦዋን ረገምኩ፣ በሌላ ቀየርኳት። አሁንም ተነቀለች። አክስቴ ቤቱን ልታይ በመጣች ቀን «ይኼ ሬዲዮ ሲበላሽ እኔ ምን ላደርገው ነው? ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አልነካም፣ አፈር ስሆን!» አለች። አባቴን የሚያኖረው ሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮውን የሚያኖረው እኔ ነኝ። ታዲያ ምኑን ሄድኩት?

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ልከፍተው ገልብጬ ስይዘው ኩቴክሱን አየሁት። ብሎኑ መሐል ያለው ስንጥቅ ውስጥ የነበረው ቀለም ተፍቆ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ተጣድፌ ስለምከፍተው አስተውዬው አላውቅም። ቤታችን ከእኔና ከአባቴ በቀር ሰው የለም። ቀና ብዬ አየሁት፤ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። የግራ እጁ ጣቶች ላይ ትንንሽ ቃጠሎ ነበር፤ ቀደም ብዬ ጠይቄው «ሻይ ነው» ብሎኝ ነበር። አሁንም ሻይ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። በአፉ ሂድ ይለኛል፣ በእጁ ይይዘኛል አልኩ ለራሴ። ክፍሏ ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ጠበበችኝ። መልሼ በየድኩና ቀለሙን ቀባሁ።

በማግስቱ «መስቀል አደባባይ ሰው አግኝቼ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ግቢው በር ላይ ትንሽ ቆሜ በጓሮ ዞርኩና በመስኮቱ አየሁ።

አባቴ ጠረጴዛዬን በግራ እጁ ወደ ራሱ ስቦታል። ሬዲዮው ጭኑ መሐል ተሰንጎ ሆዱ ተከፍቷል። መበየጃው በግራ እጁ ነው፤ ሊዱን ደግሞ የሚይዝበት እጅ ስለሌለው በጥርሱ ነክሶታል። ጭሱ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያስነባዋል፣ ሽቦዋ ትሸሸዋለች። እየተጠጋ፣ እየሳተ፣ እየተጠጋ።

እያየሁት ያየሁት አልገባኝም፤ ንዴቴ ቀደመኝ። በሩን ገፍቼ ገባሁ። «አባዬ! ለምንድነው የምታበላሽብኝ?» ብዬ ጮህኩ።

ደንግጦ ሊዱ ከአፉ ወደቀ። «አላበላሸሁም፤ እየተማርኩ ነው፣ አትጩህ» አለ።

«ምኑን?»

«መበየዱን ነዋ! አንተ ስትሄድ ማን ሊሠራልኝ ነው? አክስትህ እንደሆነች የመብራት ማጥፊያውን እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ነው የምትነካው።»

«ታዲያ ሌላ ሬዲዮ እገዛልሃለሁ።»

«ያም ይበላሻል» አለኝ። «ይበላሽና እደውላለሁ። እኔ ባልደውል አክስትህ ትደውላለች። አንተ ደግሞ ትመጣለህ፣ አውቅሃለሁ። አንዴ ለሬዲዮ፣ አንዴ ለአምፖል እያልክ እዚሁ ትቀራለህ። እዚህ የታሰርኩት እኔ እበቃለሁ፣ ልጄ።»

ሽቦዋን እየነቀለ መልሶ ሊበይዳት ሲሞክር፣ ሲያቅተው፣ እኔ ስመጣ ዘግቶ ሲያስቀምጣት ነው የከረመው። ከውጭ በገባሁ ቁጥር ቤቱ ውስጥ የሊድ ሽታ ይሸተኝ ነበር። ሽታው የኔ የራሴ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ በዚያች በምትሠራው እጁ ራሴን ዳሰሰኝና «ተነስ በል፤ መበየጃው ሳይበርድ አሳየኝ» አለ።

እስከ ፋሲካ አስተማርኩት። ጣውላ ላይ እንጨት መትቼ ሬዲዮውን ነክሶ የሚይዝ ነገር ሠራሁለት። ወፍራም ሽቦ ጠምዝዤ የሊድ መያዣ አደረግኩለት፣ ሊዱ እንደገና አፉ እንዳይገባ አስማልኩት። «መጀመሪያ ሽቦዋን አሙቃት፣ ከዚያ ሊዱን ስጣት» እለዋለሁ። ስቸኩል ይቆጣኛል። «ባቡርም ጣቢያ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ምን ያስሮጥሃል?» ይለኛል። ደስ ሲለው «እሺ መምህር» ይለኛል። የሚገርምህ ክፍሏ ያችው ክፍል ናት፣ ፎቁም እዚያው ቆሟል፤ እነዚያን ቀናት ግን ጠባብነቷ ትዝ አይለኝም።

በስንት መከራ አንድ እኩለ ቀን ላይ በየዳት። ቁልፉን ሲያዞረው መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ ከዚያ ዜና አንባቢው ድንገት ክፍሉን ሞላው። አባቴ ዜናውን አልሰማም፣ እኔን ነበር የሚያየው። «ኩቴክሱን አምጣ» አለ። ብሎኑ አናት ላይ ቀባው፤ ከብሎኑ አልፎ ፕላስቲኩን አዳረሰው። መድረቁን ሊያይ በአውራ ጣቱ ሲጫነው የጣቱ አሻራ ቀረበት። ልጠርገው ስል እጄን ገፋው።

«ተወው፣ ማኅተሜ ነው» አለ። «አሁን ሂድ።»

ሄድኩ። ሐዋሳ ሥራው እንዳሰብኩት ባይሆንም ወደድኩት። አባቴ አንዳንድ ቀን ይደውልና ሰላም እንኳ ሳይለኝ ስልኩን ሬዲዮው ላይ ይደግነዋል፤ ሙዚቃ ወይም የኳስ ጩኸት ይሰማኛል። ከዚያ «ሠራሁት» ይልና ይዘጋል። በከፈተው ቁጥር መልሶ ቀለም ይቀባዋል፣ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። አክስቴ «የኔን ጥፍር ረስቶ የሬዲዮውን ያስውባል» እያለች ታማው ነበር።

አንድ ከሰዓት የደወለችው አክስቴ ናት። ከኋላዋ ሬዲዮው ሲያወራ ይሰማኝ ነበር፤ ያጠፋው ሰው አልነበረም። ስደርስ ሁሉም አልቆ ነበር።

ግቢው ዛሬ የለም። ሰፈሩ ተነስቷል፣ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። በቀደም በዚያ ሳልፍ ፎቁን ብቻ አየሁት፤ ፀሐይዋን የከለለበት ቤታችን የት ጋር እንደነበር መለየት አቃተኝ። ሬዲዮው ግን አብሮኝ ዞሮ ብዙ ዘመን ሠራ። እዚህ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ዝም ያለው። ነቅነቅ ሳደርገው ውስጡ አንዲት ሽቦ ስትወዛወዝ ትሰማኛለች። ያችው ቀይ ሽቦ ናት፣ አላጣትም። ብከፍተው ሻይህ ሳይቀዘቅዝ እጨርሰው ነበር።

እስቲ አምጣው፣ ገልብጠህ እየው። ያቺ መሐሉ ላይ ያለችው ብሎን። ቀዩ ቀለም ፈዟል፤ ወደ መስኮቱ ብታስጠጋው ግን መስመሮቹ ይታዩሃል። የአውራ ጣቱ ናቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሠራው ቀን የተጫነው። ብሎኑን ለመፍታት መጀመሪያ እሱን መፋቅ አለብኝ። ስንቴ ካቻቢቴ ይዤ ፊቱ ተቀምጫለሁ።

ስልክህ ሞልቷል፣ ንቀለው። ሬዲዮውንም ወደ ቦታው መልስልኝ፤ ቀስ በል፣ ከጎንና ከጎኑ ያዘው፣ ከታች እንዳትነካው።