የበጉ ጥርስ ላይ የቀሩት ሦስት ጭረቶች

ቃሊቲ፣ የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪና ላይ የቆየ ስቲከር አነሳለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ስቲከሩን መላጥ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከሥሩ የሚቀረው ሙጫ ነው። ሙጫውን ሲያነሱ ከቀለሙ በላይ ያለውን ስስ ሽፋን ከነኩት መኪናው እዚያ ቦታ ላይ ደብዝዞ ይቀራል። እህቴ እኔ ዘንድ የመጣችው ይህን ስለምታውቅ ነው።

ሁለት ዓመት የጥርስ ሽቦ አድርጋ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሐኪሟ ሽቦውንና ጥርሶቿ ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ ብረቶች አነሱላት። የቀረውን ሙጫ ማጽዳት ሊጀምሩ ሲሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። ሰኞ ተመለሺ አሏት። ምረቃዋ ቅዳሜ ነው። ቤት ስትደርስ ምሳው የድንች አልጫ ነበር፤ እርዱ ሙጫው ውስጥ ገባና የፊት ስድስት ጥርሶቿ ላይ ስድስት ቢጫ ነጠብጣቦች ታዩ።

«አንተ ከገልባጭ መኪና ላይ የምታነሳው ከዚህ ይብሳል» አለችኝ፣ ከንፈሯን በሁለት ጣቶቿ ወደ ላይ ስባ። «አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም።»

«መኪናው ቢጫር እንደገና ይቀባል» አልኳት።

«ታዲያ አትጫረኛ!»

እምቢ ከማለቴ በፊት መሞከር ፈለግሁ። ሐሙስ ሥጋ ቤት ሄጄ የበግ መንጋጋ ጠየቅሁ።

«ለምንህ ነው?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ጥርሱን ላጸዳው ነው።»

«ዘግይተሃል፣ ወንድሜ» አለና በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ።

አንዱን ጥርስ አጠብኩት፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ማጣበቂያ ቀባሁት፣ አንድ ቀን አቆየሁት። ዓርብ ጠዋት ባለኝ ስስ ምላጭ ቀስ ብዬ ፋቅሁት። ሙጫው ተነሣ። ጥርሱ በዓይን ሲያዩት ንጹሕ ነበር። በማጉያ መነጽር ሳየው ግን ሦስት ጭረቶች ነበሩበት። የት ቦታ ላይ ከሙጫው አልፌ ጥርሱን እንደነካሁ እጄ አልነገረኝም። የሙጫውና የጥርሱ ቀለም አንድ ነው። ኢናሜል የሚባለው ይህ የጥርስ ቅርፊት ደግሞ አንዴ ከተፋቀ መልሶ እንደማያድግ አንብቤያለሁ።

መንጋጋውንና ማጉያውን ይዤ ለእህቴ አሳየኋት።

«የኔን ጥርስ ከበግ ጋር ታወዳድራለህ?»

«በጉ ምረቃ የለውም። አንቺ ግን በዚህ ጥርስ ገና ስድሳ ዓመት ትበያለሽ።»

ከሰዓት በኋላ መስታወት ፊት ሙጫውን በጥፍር ሞረድ መፋቅ ልትጀምር ስትል ደረስኩባት። ሞረዱን ከእጇ ወስጄ የዕቃ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

«ነገ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ብቻ አፌን ዘግቼ ልቁም?»

«ዝጊው» አልኳት።

እስከ ሰኞ አላናገረችኝም።

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ፤ ሐኪሟም ቆሜ እንድመለከት ፈቀዱልኝ። ጥርሱን በአየር ያደርቁታል። ሲደርቅ ሙጫው እንደ ጠመኔ ይደበዝዛል፣ ጥርሱ ያበራል። ሙጫ ለማንሣት በተሠራች ትንሽ መሣሪያ ጥቂት ያነሳሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ያደርቃሉ። ስድስቱን ጥርስ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ወሰደባቸው። እኔ መኪናን አድርቄ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን አደርቃለሁ።

«ቤት ውስጥ ባለመነካካትሽ ጥሩ አደረግሽ» አሏት ሲጨርሱ። እህቴ ወደ እኔ አልዞረችም።

የምረቃው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ አንድ ሰው እንደበደላት ታስታውቃለች። እናታችን ጨዋ መስላበታለች ትላለች። እንግዳ ፎቶውን ባየ ቁጥር እህቴ ከሥሩ ትቆምና ጥርሷን ታሳያለች፤ ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ እየጠቆመች «ዝጊው ያለኝ እሱ ነው» ትላለች።

ሞረዱን እስካሁን አልመለስኩላትም።