በካፉሪው ቪላ ውሉ የፈረሰ ጊዜ

መጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ካርቱም ውስጥ ሳጃና በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ጀርባ በሚሠራ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ የወሎ ሰው ናት፣ አባቴ ሱዳናዊ። አማርኛዬን ከእሷ፣ የሴራሚክ ሥራን ደግሞ ከኡስታ ሲዲቅ ተማርኩ። ኡስታ የሚባለው ሙያውን ጠንቅቆ ያወቀ ሠራተኛ ነው። የዚያን ቀን ሲሚንቶ ሳቦካና ሴራሚክ ውሃ ውስጥ ስዘፈዝፍ ዋልኩ። «በሸበጥ እዚህ አይሠራም፤ ነገ ጫማ አድርገህ ና» አሉኝ ኡስታ። ጫማ እንደሌለኝ ሲያውቁ ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ ራሳቸው ገዙልኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እሳቸው ሙቃዊል፣ ማለትም ሥራ ተቋራጭ ሆኑ። እኔም የራሴን ሠራተኞች ይዤ የሴራሚኩን ሥራ በንዑስ ተቋራጭነት ከእሳቸው እወስድ ጀመር። በቃል ነበር የምንሠራው። ካፉሪ በሚባለው ሰፈር ያለው ቪላ ግን ትልቅ ስለነበር ውል ተፈራረምን። ክፍያው አንዱ ፎቅ ባለቀ ቁጥር ነበር።

ጊዜው የካርቱሙ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የሲሚንቶ ዋጋ በየቀኑ ይጨምራል። ምድር ቤቱን ጨርሰን ሒሳብ ጠየቅሁ። «የቤቱ ባለቤት አልከፈለኝም፤ ትንሽ ታገሠኝ» አሉ። ታገሥኩ። አንደኛውን ፎቅ ስንጨርስም መልሳቸው ያው ሆነ። ሠራተኞቼ የቤት ኪራይ አጥተው ስለነበር ሥራ አቆምኩ።

በማግስቱ ኡስታ ሲዲቅ ውሉ መፍረሱን የሚገልጽ ወረቀት ይዘው መጡ። ፊቴን አላዩም።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ኢድሪስ። ዕቃህን አውጣ። ሌሎች ይገባሉ።»

«የሠራነውስ?»

«ባለቤቱ ሲከፍል፣ ኢንሻአላህ።»

«ኡስታ፣ እኔ የተዋዋልኩት ከእርስዎ ጋር ነው። ባለቤቱን አላውቀውም።»

«ሥራ ያቆምከው አንተ ነህ» አሉኝ።

ከሠራተኞቼ አንጋፋው ሰዒድ መዶሻ አንሥቶ ወደ ደረጃው ሄደ። እብነ በረዱን ያነጠፈው እሱ ነበር። የቤት አከራዩ ከነልጆቹ ሊያስወጣው ነው። «በእጄ የሠራሁትን በእጄ አፈርሰዋለሁ!» አለ። ፊቱ ቆምኩ።

«ብትሰብረው ከሳሽ እነሱ፣ ታሳሪ አንተ ነህ» አልኩት። መዶሻውን ለቀቀልኝ።

ከዚያ ወደ ኡስታ ሲዲቅ ዞርኩ። «እንወጣለን። ግን ሌሎቹ ሳይገቡ ሥራችን ይለካ። እነሱ ከጀመሩ ማን የት እንዳቆመ አይለይም።»

እሳቸውም የሕንፃውን አማካሪ መሐንዲስ አስጠሩ። የሜትሩን አንድ ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘን ክፍል በክፍል ዞርን። መሐንዲሷ ትጽፋለች። ከቁጥር በቀር አንድም ቃል አልተነጋገርንም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከጎነበሱበት ቀና ማለት ሲያቅታቸው ክንዳቸውን ያዝኩ። አልከለከሉኝም። ሦስታችንም ፈረምን።

ክፍያው ግን አልመጣም። ክስ ለመመሥረት ጠበቃ አነጋግሬ ሳለ ኡስታ ሲዲቅ ቤታችን ድረስ በእግራቸው መጡ። ሌላ ጊዜ በፒክአፓቸው ነበር የሚመጡት።

«ሸጥኩት» አሉ። «ባለቤቱ እስካሁን አልከፈለኝም፣ ወላሂ። ይኸ የሠራተኞችህ ደመወዝ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ልኬቱ ባይኖር እከራከርህ ነበር።»

«የእኔስ ድርሻ?»

«የለኝም።»

እናቴ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ጠጥተው ሄዱ። ሰዒድ የዚያኑ ዕለት ኪራዩን ከፈለ። እኔ ክሱን ተውኩት፤ ዕዳውን ግን አልማርኳቸውም፣ እሳቸውም ማረኝ አላሉኝም። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ መደኒ ከተማ ወጡ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ውል ሲፈርስ ከሥራው ቦታ ከመውጣታችሁ በፊት የሠራችሁትን ሁለቱም ወገን ባለበት አስለኩ፤ አስፈርሙም። ተቋራጩ ያሳደጋችሁ ሰው ቢሆንም አስለኩ።