የአቶ ገበያው በረንዳ

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የአቶ ገበያውን በረንዳ የማያውቅ የለም። ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ኖረው አመድ መስሏል። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር አቶ ገበያው ለዓመታት ዞር ብለው አላዩትም። ልጃቸው ሀኒ "አሉላ ሽማግሌ ሊልክ ነው" ያለቻቸው ዕለት ግን ድንገት አሳሰባቸው።

"በዚህ ወለል ላይማ የሰው ሽማግሌ አላቆምም! ይታደስና ይምጡ።"

እውነቱን እንናገር ከተባለ አሉላን ይወዱታል። የጨነቃቸው የሀኒ ከቤት መውጣት ነው። ባለቤታቸው ካረፈች ወዲህ ቤቱን ቤት ያደረገችው እሷ ናት። አፍ አውጥቶ "አትሂጂብኝ" ማለት ደግሞ እንደ እሳቸው ላለ ኩሩ ሰው አይሞከርም። ስለዚህ ሳንቃውን ያዙ።

አያያዛቸውስ! አንዱን ሳንቃ በኦሞና በሻካራ ቡሩሽ ሲፈትጉ ይውላሉ። "ይድረቅ" ብለው ይተዉታል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል፤ ካላማራቸው እንደገና ያጥቡታል። ሠራተኛ እንቅጠር ሲባሉ ይቆጣሉ። ደግሞ ሥራው እያደር ጣማቸው። ከግራጫው ሥር ቀዩ የጥድ መልክ ብቅ ያለ ቀን፣ "ሀኒ! ነይ እይ! ነይ እይ!" እያሉ ሰፈሩን ቀወጡት።

ሀኒ ግን ተንኮሉ ገብቷታል። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ "አባዬ፣ በቃ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለች።

አቶ ገበያው ጉርሻቸውን ሳይውጡ ተነሡ። ቫርኒሹ ገና አልተቀባም! ከሰዓት በኋላ አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላ ደረቡበት፤ ያውም ወፍራም።

በማግስቱ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በሚያብረቀርቀው በረንዳ ላይ ተሰለፉ።

"ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ!"

"ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ዋናው ሽማግሌ አቶ ሃይላይ፣ እንደ ደንቡ። ከዚያ የአሉላን ዘር ማንዘር፣ ጠባይና ሥራ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ፀሐዩም እየበረታ ሄደ።

አቶ ገበያው መልሳቸውን አዘጋጅተዋል። ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን በቀጠሮ መመለስ ወግ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ጥቂት ሳምንት ይገኝበታል።

"እንግዲህ እንመካከርበትና ሌላ ቀን ብትመለሱ..."

አቶ ሃይላይ እጅ ነሥተው ዞሩ። እግራቸው ግን አልዞረም። ቀኙን ቢስቡ ጫማቸው ወለሉ ላይ ቀረ። ሊደግፏቸው የሞከሩት ሁለቱም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

"ኧረ አቶ ገበያው! ሳይሰጡን አንሄድም ማለት የእኛ ፈንታ ነበር፤ ምነው ቀደሙን?" አሉ አቶ ሃይላይ።

በሩ ኋላ ተደብቃ የነበረችው ሀኒ ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አቶ ገበያው ልጃቸው እንዲህ ስትስቅ የሰሙት እናቷ በሕይወት ሳለች ነበር። እንኳን ሊቆጡ፣ ደስታው አሸነፋቸው።

"ሰጥቻለሁ!" አሉ ጮክ ብለው። "ልጄን ሰጥቻለሁ! ጫማችሁን ተዉትና ግቡ!"

ሽማግሌዎቹ እልል እያሉ በካልሲያቸው ገቡ። ሀኒ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

"እንድትሄጂ አልፈለግኩም ነበር እኮ" አሏት በጆሮዋ።

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"