ኮባዋ ካፖርት የለበሰችበት ኅዳር

ሊወስዱኝ የመጡት በጠዋት ነበር። ጓሮ ሆኜ ኮባዋን እኮተኩታለሁ። አንደኛው እጄን እንድታጠብ ፈቀደልኝ። ባለቤቴ በጆግ ውሃ ሲያፈስልኝ ግማሹን እግሬ ላይ ደፋው። «ይበርድሻል፤ ጋቢ ላምጣልሽ» አለ። ሌላ የተናገረው ነገር ትዝ አይለኝም።

ጥፋቴ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የተናገርኩት ነው ተባለ። አስተማሪ ነበርኩ፤ ቆሞ መናገር ልማዴ ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ደባርቅ ከተማ ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ገብስ ገብስ ይሸታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሌሊት የተነፈስነው ትንፋሽ እዚያ ላይ ውሃ ይሆንና ሲነጋ ይንጠባጠብብናል። ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ከጊች መንደር የመጡ ባልቴት ናቸው፤ ልጃቸው ቢታጣ በሱ ፈንታ እሳቸውን አመጧቸው። እማማ እንላቸዋለን። ሌላዋ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረች ወጣት ናት፤ እኔን «ቲቸር» ትለኛለች።

ኮባዋን ያመጣኋት ዳባት ካለችው አክስቴ ጓሮ ነው፤ በሰኔ፣ ሥሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። ጎረቤቶቼ ደባርቅ ለኮባ ይበርዳል፣ አትልፊ ብለውኝ ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ተክል አያውቅም። «እሜቴ፣ ለዳቦ ቅጠል ብለሽ ልጅ ማሳደግ ጀመርሽ?» ይለኝ ነበር። ልጅ አልወለድንም። እሱ ሲለው ግን አያምም።

ኮባ እኛ አገር የመጀመሪያውን ብርድ ካለፈች ትኖራለች። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ውርጭ ይወርዳል። ያኔ ቅጠሎቿን ወደ ላይ ሰብስቦ ማሰር፣ ዙሪያዋን በገለባ መክበብ፣ ሲመሽ መሸፈን፣ ፀሐይ ስታገኛት ደግሞ መግለጥ ነው። ይህን ሁሉ በኅዳር አብረን እናደርገዋለን ብዬ አስቤ ነበር። በጥቅምት ወሰዱኝ።

ስንቅ የሚገባው እሑድ እሑድ ነው። የመጀመሪያው እሑድ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ዳቦ መጣልኝ። ጠባቂው፣ አለቃ የምንለው ጎልማሳ ሰው፣ ዳቦውን በቢላዋ ሰነጣጥቆ አየና ቅጠሉን መሬት ጣለው።

«አለቃ፣ እባክዎ ቅጠሉንም ይስጡኝ።»

«ፍየል ነሽ እንዴ?» አለ፤ ግን በእግሩ ገፋ አደረገልኝ።

ቅጠሉ ጥሬ ነበር። ቅጠል የሚነጠፈው ከሊጡ ሥር ነው፤ ባለቤቴ ዳቦውን ከጋገረ በኋላ ነው የጠቀለለው። በራሱ እጅ መጋገሩን በዚህ አወቅሁ። የሻይዋ ልጅ አንዴ ገምጣ መንጋጋዋን ያዘች።

«ቲቸር፣ ይኼ ዳቦ ነው የወፍጮ መጅ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ እማማ። «ወንድ ልጅ ጋግሮ ላከላት፤ ደግሞ ይለስልስልኝ ትያለሽ?»

እኔ ቅጠሉን ነበር የማየው። አረንጓዴ ነው። ኮባዋ ደህና ናት ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድም አንድ ቅጠል መጣ፤ ከዚያ በኋላም። እያንዳንዱን ራስጌዬ አስቀምጬ እስኪደርቅ አየዋለሁ።

ከዚያ አንድ እሑድ የመጣው ቅጠል ጠባብ ነበር፤ ገና በቅጡ ያልተዘረጋ ለጋ። ዳርና ዳሩ ጠቁሮ ጠውልጓል። ውርጭ ነው። ባለቤቴ ትልልቆቹን ቆርጦ ጨርሶ ወደ መሃሉ መግባቱ ነው። እማማ ተቀብለውኝ በጣታቸው ዳበሱት።

«ይኼ ሰውዬ ደህና ናት ሊልሽ ብሎ ሊገድልልሽ ነው» አሉ።

ያን ሳምንት ከራሴ ጉዳይ ይልቅ ስለ እሷ አሰብኩ። የእኔን ነገር ምንም ላደርገው አልችልም። የእሷ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚድን ነው፤ የሚያደርስልኝ ሰው ብቻ ነው ያጣሁት።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ጠያቂ ተፈቀደ። ገመድ ተወጥሮ፣ እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ። አለቃ መሃል ቆመ። «ስለ ጤና ብቻ ነው የምትነጋገሩት። ሌላ ነገር የሰማሁ እንደሆነ ሁለተኛ አትገናኙም።»

ባለቤቴ ከስቶ ኮቱ ሰፍቶታል። ልብስ ሰፊ ሆኖ አላጠበበውም።

«ደህና ነሽ እሜቴ?»

«ደህና ነኝ። የኮባዋን ቅጠል አትቁረጥ።»

«ስለ ጤና ነው ያልኩት!» አለ አለቃ።

ዞሬ አየሁት። ድምፄን አላነሣሁም። «ስለ ጤና ነው አለቃ። ውርጭ መቷታል።»

አለቃ ገብስ ከሚዘራ ቤት የወጣ ሰው መሆን አለበት፤ ውርጭ ስል ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሮ «ቶሎ ጨርሺ» አለ።

ቶሎ ቶሎ ነገርኩት። እሰራት፣ በገለባ ክበባት፣ ማታ ጆንያ አልብሳት፣ ፀሐይ ስታገኛት ክፈትላት፣ ማታ ውሃ እንዳታጠጣት። ባለቤቴ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማና፣

«ወገቧ ስንት ይሆናል?» አለኝ።

«አንተ አይደለህ ወይ በየቀኑ የምታያት?»

«በዓይን ልብስ አይሰፋም።»

በሁለት እጄ ክብ ሠርቼ አሳየሁት። እሱም በገመዱ ማዶ እጆቹን በእኔ ልክ ከፍቶ ያዛቸው። አለቃ «በቃ» ሲል እጆቹን ሳያጥፍ፣ የማይታይ ነገር እንደ ታቀፈ ሰው ሆኖ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ዳቦው ያለ ቅጠል መጣ። የተጠቀለለው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ከጨርቁ ውስጥ መዳፍ የምታክል የጆንያ ቁራጭ ነበረች፤ ዳሯ ተዘምዝሞ አንድ ጥቁር አዝራር ተተክሎባታል። አለቃ አገላብጦ አያት። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የካፖርቷ ናሙና ነው» አልኩት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስንቃችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣ ወደ ግድግዳው ዞረን ነበር የምንበላው። ያን ቀን ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ዳቦውን እማማ ባርከው ቆረሱት። አለቃ በሩ ላይ ቆሟል። ቤቴ ሰው ቢቆም እንደማደርገው፣ «አለቃ፣ እንብላ» አልኩት።

«ብሉ» አለ፤ ግን አልሄደም።

«ለጥርሱ ፈርቶ ነው» አለች የሻይዋ ልጅ።

እማማ ቁራሹን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። ተቀበለ። ብዙ አኘከ። «ጨው አንሶታል» አለ፤ በሩንም እስክንጨርስ አልዘጋብንም።

በጥር ለቀቁኝ። ጓሮ ስገባ አንድ አጭር ወፍራም ሰው የቆመ መሰለኝ። ካፖርቱ ኮሌታ ሳይቀር አለው። ባለቤቴ አዝራሮቹን ፈትቶ አሳየኝ፤ ከመሃል አንዲት ለጋ ቅጠል፣ ተጠቅልላ፣ ወጥታለች። «እሷን አልነካኋትም» አለኝ።

ያቺ ኮባ ብዙ ዓመት ኖረች። ካፖርቱ የጠበባት በሁለተኛው ዓመት ነው። ቅጠሏን ለብዙ ዓመት በዓል ዳቦ አንጥፌያለሁ። በመጨረሻ አብባ፣ ፍሬ ይዛ፣ እንደ ኮባ ወግ ደረቀች። ባለቤቴ ያረፈው ባለፈው ሚያዝያ ነው።

በክረምቱ ሌላ ችግኝ አስመጥቼ እዚያው ቦታ ተከልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ትናንት ሰማዩ ሲጠራ ካፖርቱን ከሣጥን አውጥቼ አለበስኳት። ልኳ ነው። አዝራሮቹን ስቆልፍ ብዙ ቆየሁ። ማንም ለማያየው ጆንያ የእያንዳንዱን አዝራር ቀዳዳ እንደ ሙሽራ ኮት አድርጎ ዘምዝሞታል።

አሁን ጠዋት ነው። ሣሩ ነጭ ሆኗል። ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ ማዶ ናት። ስትደርስባት ወጥቼ እከፍትላታለሁ፤ እስከዚያው ይህን እየጻፍኩ ነው።