ሳልማር የመጡት ታካሚዬ

ትናንት ወደ ቁስቋም በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። የለበሱትን በርኖስ ዝናብ መትቶት ነበር። እርጥብ የበግ ፀጉር፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ የገብስ ገለባ። ሽታው ሆዴ ድረስ ገባ። አብረውን የተሳፈሩት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ውጭ ዞሩ። እኔ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ። መውረጃዬን እንኳ አልፌ ሄድኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቅሁበት ዓመት ነው። ከደባት በላይ ካለው አገራችን ለትምህርት ወርደን ጎንደር ቁስቋም አንዲት ክፍል የተከራየን አራት ሴቶች ነበርን። ውጤት ሲመጣ ሦስቱ አለፉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፍራሻቸውን ጠቅልለው በየደረሳቸው ዩኒቨርሲቲ ተበተኑ። ግድግዳው ላይ ቦርሳ የምንሰቅልባቸው አራት ምስማሮች ነበሩ፤ ሦስቱ ባዶ ቀሩ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነበር።

የጣሉኝ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም ካልሆንኩ የምል ሰው፣ በዚያ ውጤት ለሕክምና ማመልከት ቀርቶ የዩኒቨርሲቲ ደጅ መርገጥም አልችልም። ስለዚህ በግል ተመዝግቤ ድጋሚ ልፈተን ቆረጥኩ። ለአባየ ደውዬ ነገርኩት። "ይሁን፣ እዚያው ተቀመጭና አጥኝ" አለኝ።

በኋላ ነው የሰማሁት። በሰንበቴ ቀን፣ አገር ምድሩ በተሰበሰበበት፣ "ልጅህስ እንዴት ሆነች?" ቢሉት ወደቀች ማለት አቅቶት "ጎንደር ለዶክተርነት እየተማረች ነው" ብሏል። እማየ ደውላ ስትነግረኝ "ምን ላድርግ ልጄ፣ ከአፉ ወጣ እኮ" አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ በኋላ ደግሞ በምን ፊቴ ልሂድ? ለገና አልሄድኩም። ለጥምቀትም። ለፋሲካ እማየ ድፎ ዳቦ በአውቶቡስ ላከችልኝ፤ ብቻዬን ስበላው ሳምንት ፈጀብኝ።

ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ የሚመሹ ቀኖች ነበሩ። የሰው ድምፅ ሲናፍቀኝ ጮክ ብዬ አጠናለሁ። አከራይቱ ከግቢ ሆነው "ዛሬስ ከማን ጋር ነው ጭቅጭቁ?" ይሉኛል።

"ከኬሚስትሪ ጋር ነው፣ እትየ!"

"ማን አሸነፈ ታዲያ?"

"እሱ!"

አጠናኔ ሽምደዳ ነበር። ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ በእንግሊዝኛ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር እወጣዋለሁ። ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ የማውቀው ገጽ ባዳ ይሆንብኛል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ስለማይገባኝ ደግሞ ይብስ እሸመድዳለሁ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ለፈተናው አምስት ሳምንት ሲቀረኝ፣ በሩ ተንኳኳ።

አያ ነበሩ። ማሳቸው ከእኛ ማሳ ጋር የሚዋሰን ጎረቤታችን ናቸው። በርኖሳቸው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው ከጤና ጣቢያ የተጻፈላቸውን ወረቀት ይዘዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር አለ። እኔ መሆኔን የለዩት በድምፄ ነው።

"ዶክተራችን፣ መጣሁልሽ" አሉ።

የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ታሞ ጎንደር ሲመጣ ሆቴል አይጠይቅም፤ ከተማው ውስጥ የአገሩ ልጅ ካለች እሷ ዘንድ ያርፋል። ልጅቷ ዶክተር ከሆነችማ ምኑ ይጠየቃል።

አከራይቱ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ መኝታ ሰጧቸው። በነጋታው ሆስፒታል ወሰድኳቸው፤ የዓይን ክፍሉ በየት በኩል እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቄ። ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ፣ "ነገ ተመለሱ"፣ እንደገና ወረፋ። በመጨረሻ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ተራ ይጠብቁ ተባለ። ሁለት ሳምንት! እስከዚያ ምርመራ ነው፣ ቀጠሮ ነው፤ የቀኔ ግማሽ ኮሪደር ላይ ያልቃል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "ምነው እኝህ ሰውዬ በሌላ ዓመት በታመሙ" ብያለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ እኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ እሸመድዳለሁ።

"ምን እያልሽ ነው?"

"ስለሚፈላ ውሃ ነው፣ አያ።"

"እስኪ ንገሪኝ።"

በእንግሊዝኛ አንበለበልኩት። ሳቁ።

"ፈረንጅኛውን ተይው። እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ሰሊጥ አጨዳ ቆላ እወርድ ነበር። እዚያ ባቄላ ቶሎ ይበስልልናል። እኛ ደጋ ግን ቀን ሙሉ ቢነድበትም ድንጋይ ነው። ባቄላው ያው ባቄላ፣ ውሃው ያው ውሃ። ምነው?"

የአየር ግፊት የሚለው ነገር የገጹ ስንተኛ መስመር ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከእማየ ድስት ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። መጽሐፉን ዘጋሁ። ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል። ውሃውን ከላይ የሚጫነው ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ገና በደንብ ሳይግል…

"አያ! የእኛ ውሃ እኮ ቶሎ ነው የሚፈላ! ይንተከተካል እንጂ የቆላውን ያህል አይፋጅም! ባቄላው ለዚያ ነው የማይበስል!"

ጥቂት አሰቡ። "እንግዲያ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ቢጫንበትስ?"

"ይረዳዋል!"

"ሸጋ። ይኸ ገባኝ። ቀጥይ።"

ያን ዕለት በረንዳው ላይ ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ከዚያ በኋላ ለእሳቸው ያላስረዳሁትን ምዕራፍ እንዳነበብኩት አልቆጥረውም። ኮሪደር ላይ፣ ወረፋ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ አስረዳለሁ። ካልገባቸው "ገና ጥሬ ነው" ይሉኛል፤ እመለሳለሁ። ጨው ውሃን ከሕዋስ እንዴት እንደሚስብ ስነግራቸው በዱላቸው መሬቱን መቱና "የቋንጣ ሥጋ ጨው ሲነካው የሚያለቅሰው ለዚህ ነዋ!" አሉ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዲት ሴት "ዶክተሯ ልጅዎ ናት?" ብትላቸው "የጎረቤቴ ናት። ገና እሳት ላይ ናት" አሏት።

ሞራው ሊገፈፍ አንድ ቀን ሲቀረው ከሆስፒታል እየተመለስን ሳለ አላስችል አለኝ። እጃቸውን ይዤ ጭቃውን እያሻገርኳቸው ነበር።

"አያ፣ እኔ ዶክተርነት እየተማርኩ አይደለም። ፈተናውን ወድቄ ነው እዚህ የተቀመጥኩ።"

"አውቃለሁ።"

"አባየ ነገረዎት?"

"ማንም አልነገረኝ። ሆስፒታል የሄድን ዕለት ዘበኛውን የዓይን ክፍል በየት ነው ብለሽ ጠየቅሽው። ዶክተር የገዛ ቤቱን በር ይጠይቃል?"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"አንችስ ምነው ዝም አልሽ?"

ጭቃውን ከተሻገርን በኋላ ቆሙና "የአባትሽን ቃል እኔ አላፈርስበትም። አንች ግን ድረሽበት" አሉኝ።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት ነርሷ ፋሻውን ስታነሳላቸው መስኮቱ በጠዋት ብርሃን ተሞልቶ ነበር። አያ ዓይናቸውን እያርገበገቡ መጀመሪያ መዳፋቸውን አዩ፣ አገላብጠው። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ኧረ አንች! ለካ እንዲህ ከስተሻል?"

ያን ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ትኩር ብሎ አላየኝም ነበር። ነርሷ ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሷም በደስታ መስሏት "እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ።

ከሳምንት በኋላ ደባት አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳቸውና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አልጠበቅሁም። እሳቸው ሳይመጡ በፊት ብቸኝነቱን ለምጄው ነበር፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን እንደ አዲስ መጣብኝ። በረንዳው ላይ ከባዶው በርጩማ ፊት ተቀምጬ ቀሪዎቹን ምዕራፎች አስረዳሁ። "ገባዎት?" እላለሁ። ራሴው "ገና ጥሬ ነው" እልና ደግሜ እጀምራለሁ። አከራይቱም ከማን ጋር እንደምጨቃጨቅ መጠየቅ ተዉ።

ተፈተንኩ። ውጤቱን ስልኬ ላይ ያየሁት በክረምቱ መጨረሻ፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ ነው። ኬሚስትሪውንም ፊዚክሱንም ሦስት ጊዜ አየኋቸው። አልፌአለሁ። ለሕክምና ለማመልከት የሚያበቃ ውጤት ነው። ክፍሉ ውስጥ ዞር ዞር አልኩ፤ የማቅፈው ሰው የለም። አያ ስልክ የላቸውም። ቤት ደወልኩ።

እማየ አነሳች። ከኋላዋ ሳቅና የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ አረም የጠራነው ደቦ ምሳ ላይ ነበር።

"እማየ፣ አልፌአለሁ! ለሕክምና ላመለክት ነው! እውነቴን ነው፣ አሁን እውነቴን ነው!"

"ቀስ በይ" አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ለአገሩ ሰው እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። ምን ተገኘ ቢሏት ምን ትበል?

እርምጃዋን ሰማሁ። በሩ ሲጢጥ አለ። የሰዉ ድምፅ ራቀና የዝናቡ ቀረበ፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ጎተራው ሥር መሆን አለባት። ከዚያ አፏን ስልኩ ላይ አስጠግታ፣ በሹክሹክታ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ፣

"እልል… እልል… እልል…" አለች።

ትንፋሿ ጆሮዬን የሞቀኝ መሰለኝ። አራተኛውን ጀምራ አቋረጠችው።

"ሰው መጣ" አለችና ዘጋችው። እኔ ግን ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁትም።