ደረቁ ነው ያስቸገረኝ

ፍኖተ ሰላም፣ ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ትዕግሥቴ እያለቀ ነው። የወጥ ቤታችን ካቢኔት ከማጠቢያው ሥር ውሃ ጠጥቶ በሩ አልገጥም ብሏል። እኔ የጠየቅሁት ውሃ የማያስገባ ቅብ ነው፤ ባለሱቁ የሚያሳየኝ የሚያብለጨልጭና የማያብለጨልጭ ነው። በመጨረሻ አንዱን የቫርኒሽ ቆርቆሮ ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር አቀረበው።

ሽታው ቡሬ ወሰደኝ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። አባቴ ለዘመን መለወጫ እንግዳ ይመጣል ብሎ አዲሱን የዋንዛ ቁም ሣጥን ቫርኒሽ ይቀባል። የእናቴ አባት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዩታል።

"ልጄ፣ እንጨቱ እኮ ገና እርጥብ ነው። አሁን ብትቀባው ውሃውን ከውስጥ ትቆልፍበታለህ።"

"ግድ የለም አባባ፣ ይደርቃል፤ አይስጉ" አለ አባቴ፣ ብሩሹን ሳያቆም።

አያቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "እርጥቡስ ይደርቃል። እኔን ያስቸገረኝ ደረቁ ነው።"

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ግን ቀባ። መስቀል ሳይደርስ ቫርኒሹ ተላጠ፤ በሩም አብጦ እንቢ አለ። ያን ቁም ሣጥን ዛሬም በትከሻችን ገፍተን ነው የምንዘጋው።

"እና የቱን ልስጥህ ወንድሜ?" አለኝ ባለሱቁ። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል።

"የፈለግኸውን ስጠኝ። ዛሬውኑ ነው የምቀባው።"

ቆርቆሮውን ከደነና ቀና ብሎ አየኝ። "ለመሆኑ ደረቅ ነው?"

"ማን?" አልሁት።